ባሕር ተሻግሮ የሚሰጥ መማለጃ

ቋንቋችን ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሌላው እጅ ለሚያልፍ ነገር ልዩ ልዩ ስሞች አሉት። በፍቅር የሚሰጠው «ስጦታ» ይባላል፤ ለሹም የሚቀርበው «እጅ መንሻ» ይባል ነበር፤ ፍርድን ለማጣመም የሚሰጠው ደግሞ «መማለጃ» ወይም «ጉቦ» ነው። ስሞቹ ይለያዩ እንጂ በሥራ ላይ ድንበራቸው ብዙ ጊዜ ይደበላለቃል። ጉዳይ ያለው ሰው ባዶ እጁን ወደ ሹም ደጅ መሄዱ እንደ ነውር ይቆጠር በነበረበት ዘመን፣ የቀረበው ሙክትና ጉንዶ ማር መቼ የአክብሮት ምልክት፣ መቼ የፍርድ ዋጋ እንደ ሆነ የሚያውቀው የሰጪውና የተቀባዩ ኅሊና ብቻ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለውም ከዚያው ዘመን አስተሳሰብ ነው። ይህ አነጋገር የሚያነሣው ግን በላተኛውን ብቻ ነው። አብልቶ ጉዳዩን ያስፈጸመው ሰው በተረቱ ውስጥ የለም።

ዛሬ ልንጠይቅ የምንወደው ስለዚህ ስለ ተረሳው ሰው ነው። ሰጪው በሀብታም አገር የተቋቋመ ኩባንያ፣ ተቀባዩ ደግሞ ባሕር ማዶ ያለ ባለሥልጣን ሲሆን፣ ስለ በደሉ የሚጠየቀው ማን ነው? የሰጪው አገር መንግሥት፣ የራሱ ባልሆነ ሕዝብ ላይ ለተፈጸመ በደል የራሱን ዜጋ የመቅጣት ግዴታ አለበትን? ጥያቄው ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚተው አይደለም። በ2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ፣ አገራቸው የውጭ ባለሥልጣናትን በጉቦ የሚያማልሉ ኩባንያዎችን የምትከስስበት ሕግ ለ180 ቀናት አዲስ ምርመራ እንዳይከፈትበት ባዘዙ ጊዜ፣ ነገሩ እንደ ገና በዓለም አደባባይ ቆሟል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ ከየት መጣ?

ሕጉ የተወለደው ከኀፍረት ነው። በ1976 መጀመሪያ በሴናተር ፍራንክ ቸርች የሚመራ አንድ የአሜሪካ ሴኔት ንኡስ ኮሚቴ የሎክሂድ አውሮፕላን ኩባንያን ባለሥልጣናት አቅርቦ መረመረ። ኩባንያው በ1971 ከመክሰር የዳነው መንግሥት ለ250 ሚሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ስለ ሆነለት ነበር። በምርመራው ኩባንያው አውሮፕላኖቹን ለመሸጥ ሲል በጃፓን፣ በኔዘርላንድስ፣ በኢጣሊያና በሌሎችም አገሮች ለታላላቅ ሰዎችና ለአማላጆቻቸው በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ማደሉ ተገለጠ። በጃፓን ገንዘቡን የተረከቡት ሰዎች በፈረሙት ደረሰኝ ላይ የተጻፈው ቃል «ኦቾሎኒ» የሚል ነበር። ቀድሞ «እጅ መንሻ» ይባል የነበረው እዚህ ደግሞ የኦቾሎኒን ስም ለብሶ መጣ ማለት ነው።

የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ካኩዌይ ታናካ በዚያው ዓመት ተያዙ። በ1983 ፍርድ ቤት 500 ሚሊዮን የን መማለጃ ተቀብለዋል ብሎ አራት ዓመት እስራት ፈረደባቸው፤ ይግባኛቸው ውሳኔ ሳያገኝ በ1993 ሞቱ። የኔዘርላንድስ ንግሥት የዩልያና ባል ልዑል በርንሃርድም ስማቸው ከዚሁ ጋር ስለ ተነሣ በ1976 የሕዝባዊና የጦር ኃላፊነታቸውን ለመተው ተገደዱ። ገንዘቡን መቀበላቸውን በራሳቸው አንደበት ማመናቸው የታወቀው በ2004 ካረፉ በኋላ በታተመ ቃለ ምልልስ ነው።

ስለ ሰጪው ስንመጣ ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። የሎክሂድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ካርል ኮቺያን ክፍያዎቹ የአሜሪካን ሕግ አልጣሱም ሲሉ ተከራከሩ፤ ካልከፈሉ ገበያው እንደማይገኝም ተናገሩ። ስለ ሕጉ የተናገሩት በአብዛኛው እውነት ነበር። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ምድር ለአንድ አሜሪካዊ ሹም ጉቦ መስጠት ወንጀል ሲሆን፣ ለውጭ አገር ሹም መስጠትን በቀጥታ የሚከለክል ሕግ አልነበረም። በአገር ውስጥ ኃጢአት የሆነው ነገር ባሕሩን ሲሻገር ንግድ ይሆን ነበር ማለት ነው። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ባደረገው ማጣራት ከ400 የሚበልጡ ኩባንያዎች በድምሩ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጠያያቂ ክፍያ መፈጸማቸውን አመኑ። በዚህም ምክንያት በታኅሣሥ 1977 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የውጭ አገር የሙስና ድርጊቶችን የሚከለክለውን ሕግ ፈረሙ። አንድ ኃያል መንግሥት በሌላ አገር ሕዝብ ላይ እንዳይዘረጋ የገዛ ነጋዴዎቹን እጅ በሕግ ሲያስር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ሌላውም ያደርገዋል»

በሕጉ ላይ የሚቀርበው የመጀመሪያው መቃወሚያ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው፤ «ሌላውም ያደርገዋልና እኔ ብተው የምጎዳው እኔው ነኝ» የሚል ነው። በ2025 የወጣውም ትእዛዝ ከምክንያቶቹ አንዱ ያደረገው ሕጉ ከልክ በላይ በመሠራበቱ የአሜሪካ ኩባንያዎች ከሌሎች ጋር በእኩልነት እንዳይወዳደሩ ያደርጋል የሚለውን ነበር።

ይህን መቃወሚያ ማቃለል ተገቢ አይሆንም። ሕጉ ከወጣ በኋላ ለ20 ዓመታት ያህል አሜሪካ በዚህ ረገድ ብቻዋን እንደ ቆመች ትቈጠር ነበር። በጀርመን ለውጭ አገር ሹም የተከፈለ ጉቦ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ እንደ ማንኛውም የሥራ ወጪ ከግብር ሊቀነስ ይችል ነበር። እንዲህ ባለው ገበያ ሐቀኛው ነጋዴ ይጎዳል፤ የእርሱም ሠራተኞች እንጀራ አብሮ ይጎድላል።

ነገር ግን ምክንያቱ በትክክል ከተመዘነ የሚያደርሰን ወዴት ነው? ሌላው ስለሚሰርቅ እኔም ልስረቅ ወደ ማለት ሳይሆን፣ ሁላችንም እንዳንሰርቅ አንድ ላይ እንማማል ወደ ማለት ነው። የሆነውም ይህ ነበር። በታኅሣሥ 1997 የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አባል አገሮችና ሌሎች ጥቂት መንግሥታት የውጭ ባለሥልጣናትን በጉቦ ማማለል ወንጀል እንዲሆን በፓሪስ ተፈራረሙ፤ ስምምነቱም በ1999 ሥራ ላይ ዋለ። ትናንት ጉቦን ከግብር ትቀንስ የነበረችው ጀርመንም በ2008 ሲመንስ የተባለውን ታላቅ ኩባንያዋን ከአሜሪካ ጋር ሆና ቀጣች፤ ኩባንያው ለሁለቱ አገሮች በጠቅላላው 1.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከፈለ። እንግዲህ «ሌላውም ያደርገዋል» የሚለው ቃል ቢያንስ በከፊል እየተሻረ መጥቶ ነበር። የተሻረውም አንዱ ቀድሞ በመታቀቡና ሌሎቹን ወደዚያው በመጥራቱ ነው። እንዲህ ያለው የጋራ ቃል ኪዳን የሚጸናው ኃያሉ በውስጡ ሲቆም ነው፤ ኃያሉ ሲያመነታ ግን ደካማው ሁሉ ምክንያት ያገኛል።

የአገር ልማድ ነውን?

ሁለተኛው መቃወሚያ «በእነዚያ አገሮች ጉቦ ልማድ ነው፤ እኛ የሰው ባህል ለማረም አልተሾምንም» ይላል። ቃሉ ትሕትና ይምሰል እንጂ ንቀት አለበት። ልማድ የሆነ ነገር በአደባባይ ይደረጋል፤ ሠርግና ለቅሶ አይደበቁም። ጉቦ ግን በየትም አገር በሌላ ስም፣ በአማላጅ እጅ፣ በሩቅ ባንክ በኩል ይሄዳል። ደረሰኙ ላይ «ኦቾሎኒ» ብሎ የጻፈ ሰው የሚያደርገው ነገር በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት የሚያሳፍር መሆኑን ያውቅ ነበር።

ለዚህ ከአፍሪካ የተሻለ ምስክር አለ። ሌሶቶ በደቡብ አፍሪካ የተከበበች ትንሽ ተራራማ አገር ናት፤ በዚያን ዘመን ሕዝቧ 2 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ1986 በተፈረመ ውል መሠረት የተራሮቿን ውሃ በግድቦችና በዋሻ ቦዮች ወደ ደቡብ አፍሪካ የኢንዱስትሪ ክልል ለመውሰድ ታላቅ ሥራ ተጀመረ። በግድቦቹ ምክንያት ብዙ ገበሬዎች እርሻቸውንና የግጦሽ መሬታቸውን አጡ። የሥራው ዋና ኃላፊ የነበሩት ማሱፋ ሶሌ ከሥራቸው ከተነሡ በኋላ መንግሥት የሒሳባቸውን ዱካ እየተከተለ እስከ ስዊስ ባንኮች ደረሰ። የስዊስ ባለሥልጣናት የባንክ ሰነዶቹን ሲሰጡ፣ ከአውሮፓና ከካናዳ ኩባንያዎች የተነሣው ገንዘብ «ወኪል» በተባሉ ሰዎች በኩል አልፎ ወደ ኃላፊው ሒሳብ መግባቱ ታየ።

በ2002 የሌሶቶ ፍርድ ቤት ሶሌን ጥፋተኛ አድርጎ በ18 ዓመት እስራት ቀጣቸው፤ በይግባኝ ወደ 15 ዓመት ዝቅ አለ። ፍርድ ቤቱ በዚህ አልቆመም። ሰጪዎቹንም ጠራ። ኤከርስ የተባለው የካናዳ የምሕንድስና ኩባንያ ለወኪሉ የከፈልሁት ሕጋዊ የአገልግሎት ዋጋ ነው ብሎ ተከራከረ፤ አልተቀበሉትም፤ ተፈርዶበት የገንዘብ መቀጮ ከፈለ። ላማየር የተባለው የጀርመን ኩባንያም በ2003 ተፈረደበት። ከዚያ በኋላ የዓለም ባንክ ሁለቱንም ኩባንያዎች በገንዘቡ ከሚሠሩ ሥራዎች ለዓመታት አገደ።

ይህ ፍርድ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ጉቦ የአፍሪካውያን ልማድ ነው ለሚለው ሰው መልሱን የሰጡት የአፍሪካውያን ዳኞች ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛ፣ ትንሿ አገር ፍርዷን ልትፈጽም የቻለችው ሰነዱን የያዘችው ሀብታም አገር ስለ ተባበረቻት ነው። በደሉ ድንበር ተሻግሮ ሲፈጸም ፍትሕም ድንበር መሻገር አለበት። የአንዱ አገር ዳኛ ብቻውን ግማሹን እውነት ብቻ ያያል።

የመንግሥት ጥቅምና የሩቁ ባልንጀራ

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉ ይከብዳል፤ የአገር ደኅንነት የሚል ነውና። የእንግሊዝ የከባድ ማጭበርበር ምርመራ መሥሪያ ቤት ቢ.ኤ.ኢ. ሲስተምስ የተባለው የጦር መሣሪያ ኩባንያ ከሳውዲ ዐረቢያ ጋር ያደረገውን ውል ሲመረምር ቆይቶ በታኅሣሥ 2006 ምርመራውን አቋረጠ። የተሰጠው ምክንያት ሳውዲ ዐረቢያ ሽብርተኞችን በመከላከል ረገድ የምትሰጠውን ትብብር ካቋረጠች የእንግሊዝ ሕዝብ ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል የሚል ነበር። በ2008 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ማቋረጡ ሕገ ወጥ ነው አለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች ያንን ውሳኔ ሻሩት።

ሰውን ከሞት ማዳን ቀላል ነገር አይደለምና፣ በዚያ ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ሰው ፈጥኖ መፍረድ የለበትም። ሆኖም በዚህ ዓይነት ሚዛን ላይ ሁልጊዜ የሚቀር አንድ ወገን አለ። የኩባንያው ሠራተኛ፣ የመንግሥቱ ደኅንነት፣ የወዳጁ አገር ቅያሜ ሁሉ ይመዘናሉ። ዕቃውን በተጋነነ ዋጋ የሚገዛው ሕዝብ ግን በክርክሩ ላይ ስለማይገኝ ክብደቱ አይታይም።

የዚያው ኩባንያ ሌላ ሽያጭ ይህን ሕዝብ በዐይናችን እንድናየው ያደርገናል። ኩባንያው ለታንዛኒያ 28 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል የሚያወጣ የራዳር መሣሪያ ሸጠ። የእንግሊዝ መንግሥት በ2001 የሽያጩን ፈቃድ ሲሰጥ፣ የልማት ሚኒስትሯ ክሌር ሾርት ለድሃ አገር እጅግ የተወደደና የማይገባ ዕቃ ነው ብለው ተቃውመው ነበር። በኋላ ሲጣራ በታንዛኒያ ላለ አንድ የገበያ አማካሪ 12.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተከፍሎ ተገኘ። ኩባንያው ጉቦ ሰጥቷል ተብሎ አልተፈረደበትም፤ ያመነው የሒሳብ መዝገቡን በአግባቡ አለመያዙን ነው። ዳኛው ግን ከገንዘቡ ከፊሉ ድርድሩን ለማመቻቸት መዋሉ በእጅጉ የሚገመት መሆኑን ተናገሩ። በ2010 ኩባንያው 500,000 ፓውንድ ተቀጣ፤ 29.5 ሚሊዮን ፓውንድ ደግሞ ለታንዛኒያ ሕዝብ ጥቅም እንዲሰጥ ተደረገ። ገንዘቡ ለተማሪዎች መማሪያ መጻሕፍትና ለመቀመጫ ዴስኮች ተመደበ።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከተው። ያ ገንዘብ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት አልፎ መጽሐፍና ዴስክ ሆኖ ከመመለሱ በፊት የት ነበር? በራዳሩ ዋጋ ውስጥ ነበር። ዋጋውን የከፈለው የታንዛኒያ ሕዝብ ነውና፣ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚማር ሕፃን ለማያውቀው ስምምነት ከመቀመጫው ቆርሶ ከፍሎ ነበር ማለት ነው። ጉቦ በሁለት ሰዎች መካከል በፈቃድ የሚደረግ ልውውጥ ይመስላል፤ ሰጪውም ተቀባዩም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ክፋቱ የሚገለጠው ሦስተኛውን ሰው ስንጠራው ነው። የሚከፈለው በእርሱ ገንዘብ ነው፤ እርሱ ግን በክፍሉ ውስጥ የለም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ አለን። የሰጪው አገር መንግሥት ዜጋውን የመቅጣት ግዴታ አለበት፤ ምክንያቱም የበደሉ መሣሪያ የወጣው ከእርሱ ቤት ነው፤ ትርፉም የገባው ወደ እርሱ ቤት ነው። የጎረቤቱን እህል የበላውን በሬ ባለቤቱ «እርሻው የእኔ አይደለም» ብሎ አይፈታም።

ባለሥልጣኑ ነጋዴ ሲሆን

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ሌላ ነገር ይቀራል። ሕጉን የሚያስፈጽሙት የፖለቲካ ሰዎች ራሳቸው ወይም ቤተሰቦቻቸው በውጭ አገር ንግድ ሲኖራቸው ምን ይሆናል? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ገና በ1787 ሲረቀቅ፣ ባለሥልጣን ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ ከውጭ ንጉሥ ወይም መንግሥት ስጦታ እንዳይቀበል ደንግጓል። እኛ «እጅ መንሻ» የምንለውን ነገር ኃይል የዚያ ዘመን ሰዎችም በሚገባ ያውቁት ነበር። በንግድ መልክ የሚመጣው ጥቅም ግን በዚህ አንቀጽ መያዝ አለመያዙ ዛሬም ያከራክራል። በፕሬዚዳንት ትራምፕ የመጀመሪያ ዘመን በዚህ ጉዳይ የቀረቡት ክሶች፣ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣናቸውን ከለቀቁ በኋላ በ2021 ዋናው ጥያቄ ሳይፈታ ተዘጉ።

ምሳሌው ከሁለቱም ወገን ነው። የጆ ባይደን ልጅ፣ አባቱ ምክትል ፕሬዚዳንት በነበሩበት በ2014 የአንድ የዩክሬን የጋዝ ኩባንያ የቦርድ አባል ሆነ። የፕሬዚዳንት ትራምፕ ቤተሰብ ኩባንያ ደግሞ በ2025 የኳታር መንግሥት ንብረት የሆነ ድርጅት በሚያለማው ቦታ ላይ የጎልፍ ሜዳና ቪላዎች በስሙ እንዲሠሩ ውል ተፈራረመ። ቤተ መንግሥታቸው የፕሬዚዳንቱ ሀብት በልጆቻቸው ስለሚተዳደር የጥቅም ግጭት የለም ይላል። ከእነዚህ በአንዱም ጉቦ ስለ መሰጠቱ በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ነገር የለም። እንዲያውም ባይደን ከዚያ ኩባንያ ጉቦ ተቀብለዋል ብሎ ለፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ የነገረ አንድ መረጃ አቀባይ፣ ቃሉ ሐሰት መሆኑን አምኖ በ2025 መጀመሪያ ተፈርዶበታል።

ታዲያ በደል ካልተረጋገጠ ለምን እናነሣዋለን? ችግሩ ከዚሁ ስለሚጀምር ነው። የሹሙ ቤት ከውጭ አገር ገንዘብ ጋር ሲደባለቅ፣ ንጹሑ ከበደለኛው፣ እውነተኛው ክስ ከሐሰተኛው መለየት ያቅተዋል። ሐሜተኛው እንደ ምስክር ይደመጣል፤ ምስክሩም እንደ ሐሜተኛ ይናቃል። ከዚህም የከፋ አለ፤ ሹሙ ራሱ ልቡን ማመን አይችልም። ጥቅም ሳይለመን ይሠራል፤ ሳይናገሩም ያግባባል። የልጁን ውል የፈረመለትን መንግሥት ጉዳይ ሲወስን፣ ለአገሩ ብሎ መወሰኑን በእርግጠኝነት ማን ይነግረዋል? ስለዚህ የጥንቶቹ ሕግ አውጪዎች ከሹሙ ጽድቅን ብቻ ሳይሆን ርቀትንም ጠየቁ። ርቀት ሹሙን ከጠላቶቹ ሐሜት ይጠብቀዋል፤ ከራሱም ይጠብቀዋል።

በሰኔ 2025 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ለሕጉ አፈጻጸም አዲስ መመሪያ አወጣ። ሕጉ አልተሻረም፤ ነገር ግን ትኩረቱ የወንጀለኛ ቡድኖች በተነካኩባቸው፣ የአሜሪካን ኩባንያዎች ጥቅምና የአገሪቱን ደኅንነት በሚጎዱ ጉዳዮች ላይ እንዲሆን ተደረገ። መንግሥት የዜጎቹን ጥቅም ማስቀደሙ የሚያስወቅሰው አይደለም። ሆኖም ሚዛኑ ተለውጧል። በ1977 ሕጉ የወጣው ነጋዴው በውጭ የሚሠራው በደል ስላሳፈረ ነበር፤ አሁን በደሉ የሚለካው በአብዛኛው ራስን በመጉዳቱ ሆኗል። በታንዛኒያ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚማረው ሕፃን፣ በሌሶቶ ተራራ ላይ መሬቱን ያጣው ገበሬ በዚህ መለኪያ ውስጥ ስም የላቸውም።

የእኛስ እጅ?

ውድ አንባቢ፣ ይህን ሁሉ ስናነብ የሩቅ ታላላቆችን መውቀስ ይቀለናል። ግን ከመነሻችን ተረት የጠፋው ሰው፣ ሰጪው፣ እኛም ልንሆን እንችላለን። ፋይሉ እንዲገኝ «ለሻይ» ብለን ከመታወቂያችን ሥር ብር ያስቀመጥንበት ቀን ይኖር ይሆናል። «ተገድጄ ነው፤ ካልሰጠሁ አይፈጸምልኝም» ብለንም ራሳችንን አጽናንተን ይሆናል። በእርግጥ የተገደደው ድሃና ትርፍ ፈላጊው ኩባንያ በአንድ ሚዛን አይፈረድባቸውም፤ የሚገደደው ሰው ከበደለኛነት ይልቅ ተበዳይነቱ ያመዝናል። ነገር ግን ከእኛ በኋላ በሰልፉ የቆመው፣ ለሻይ የሚሆን ሳንቲም የሌለው ሰው፣ የሁላችንንም ክፍያ በቀኑና በድካሙ ይከፍለዋል።

ሕግ ኅሊናን ሊፈጥር አይችልም፤ ኅሊናም ያለ ሕግ ብቻውን ኃያሉን አይገታውም። በሎክሂድ ዘመን ሕጉ ስላልነበረ ኅሊና ተኛ፤ በሌሶቶ ግን ኅሊና ያላቸው ዳኞች ስለ ተገኙ ሕጉ ነቃ። ስለዚህ ስጦታ በእጃችን ይዘን ወደ ማንኛውም ደጅ ስንሄድ፣ ሹምም ሆነን ስጦታ ሲቀርብልን፣ አንድ ጥያቄ እናንሣ፦ ይህን ዋጋ በእውነት የሚከፍለው ማን ነው? እርሱ እዚህ ቢቆም ኖሮ በፊቱ እናደርገው ነበርን?